መብራት ሲጠፋ መረጃችን እንዴት ይደር?

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ በአገራችን ኤሌክትሪክ በፈረቃ መታደሉ ይታወሳል። ፈረቃው ቢያልፍም የመብራት መቋረጥ ለወልቂጤም ሆነ ለቸሃዋ እምድብር እንግዳ አይደለም። ስለዚህ መረጃውን በብዙ ሰርቨሮች አጣምሮ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ሳያልቅ ማሽኖቹን በሥርዓት ማጥፋት ማወቅ ይኖርበታል እላለሁ።

ለምሳሌ ሴፍ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር እንውሰድ። በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን መረጃ በሦስት ቅጂ ያኖራል። አንድ ዲስክ ለ10 ደቂቃ ከጠፋበት፣ እንደማይመለስ ቆጥሮ ቅጂዎቹን በቀሩት ላይ ማባዛት ይጀምራል። በአደጋ ጊዜ ይህ መልካም ነው፤ በፈቃዳችን ስናጠፋ ግን ትርፉ ድካም ነው።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በቅድሚያ ቅጂዎቹ ሁሉ የተሟሉ መሆናቸውን ማረጋገጥ፤ ቀጥሎ ተጠቃሚዎችን ማስወጣት፤ ከዚያ «ኖአውት» በሚባለው ትእዛዝ ማባዛቱን ማገድ፤ ከዚያም ዲስክ የተሸከሙትን ሰርቨሮች፣ ከሁሉም በኋላ «ሞኒተር» የሚባሉትን ተቆጣጣሪዎች ማጥፋት።

መብራት ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ሞኒተሮቹ ይነሣሉ። ሦስት ከሆኑ ቢያንስ ሁለቱ ካልተገናኙ ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሟላ ሥራ አይጀመርም። ሰዓታቸው ከ0.05 ሰከንድ በላይ ከተለያየም ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። ቀጥሎ ዲስኮቹ ይነሣሉ፤ ተጠቃሚው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

እገዳውን ማንሣት ግን አይዘንጋ። ከተረሳ፣ ነገ አንድ ዲስክ በእርግጥ ሲበላሽ የጎደለውን ቅጂ የሚተካ አይኖርም። ሁለተኛው ከተከተለ አገልግሎቱ ሊቆም፣ ሦስተኛው ከተከተለ መረጃው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።