ያረጀው የቱ ነው? የአሮጌ ወንበር እድሳት በፊዚክስ ዓይን

አንድ ወንበር አረጀ ሲባል ያረጀው የትኛው ክፍሉ ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ትክክለኛው መልስ ብዙ ወንበሮችን ከማገዶነት ሊያድን ይችላል። በየመኖሪያ ቤቱ ጓዳና በየትምህርት ተቋማቱ ጓሮ ተከምረው የምናያቸውን ወንበሮች ቀረብ ብለን ብንመረምር፣ ከዋንዛ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የተሠራው አካላቸው ደኅና ሆኖ ሳለ መቀመጫቸው በመርገቡ ወይም አንድ መጋጠሚያቸው በመላላቱ ብቻ የተጣሉ ጥቂት አይደሉም።

ጥሩ ወንበር ዕድሜያቸው እኩል ያልሆነ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ክብደት የሚሸከመው የእንጨት አጽም ነው። ሁለተኛው አካላችን የሚያርፍበት መቀመጫ ሲሆን፣ ይህ ክፍል ቀድሞ እንዲያልቅና እንዲተካ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለሆነም እድሳት ማለት ጨርቅ መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ኃይል በየት በኩል አልፎ ወደ መሬት እንደሚደርስ መከታተልና መንገዱ የተቋረጠበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ነው።

ጠፍር ለምን ይወጠራል?

ከራሳችን አገር ሙያ እንነሣ። ጠፍር ካልለፋ የከብት ቆዳ እየተተለተለ የሚወጣ ጠባብ ጥብጣብ ነው። ባለሙያው ጠፍሩን በውኃ አርሶ ካለሰለሰው በኋላ በአልጋው ወይም በወንበሩ ክፈፍ ላይ አግድምና ቁም እያሾለከ ይጎነጉነዋል። ሲደርቅም መቀመጫው እንደ ከበሮ ይወጠራል።

ምክንያቱ በቆዳው ውስጣዊ አሠራር ይገኛል። ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን ከተባለ የፕሮቲን ጭረት የተገነባ ነው። ውኃ በጭረቶቹ መካከል ሲገባ ያራርቃቸዋል፤ ጠፍሩም ይለሰልሳል። ውኃው ሲተን ጭረቶቹ ይቀራረባሉ፤ ጠፍሩም ያጥራል፣ ይደነድናል። ማጠሩን ክፈፉ ስለሚከለክለው በጠፍሩ ውስጥ ከፍተኛ የውጥረት ኃይል ይፈጠራል።

ከዚህ አንድ የእድሳት ደንብ እናገኛለን። እያንዳንዱ የጠፍር መስመር ክፈፉን ወደ ውስጥ ይስበዋል። መጋጠሚያው በላላ ወንበር ላይ አዲስ ጠፍር ብንወጥር፣ ጠፍሩ ሲደርቅ አጽሙን ያጣምመዋል። በመሆኑም መጀመሪያ አጽሙ ይጠገናል፤ ጠፍሩ ከዚያ በኋላ ይከተላል፤ እንዳይሰነጠቅም በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል።

መጋጠሚያን የሚያላላው ምንድን ነው?

አንድ ሰው ወደ ኋላ ተደግፎ ከመቀመጫው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ መደገፊያውን በ200 ኒውተን ገፋ እንበል። የኃይሉ የማዞር አቅም፣ ማለትም ቶርኩ፣ 200 × 0.4 = 80 ኒውተን ሜትር ነው። የግራና የቀኝ መጋጠሚያዎች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 40 ይደርሳቸዋል። ወንዴና ሴቴ ሆኖ የተፈለፈለው መጋጠሚያ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በላይኛውና በታችኛው ጠርዙ ላይ የሚያርፈው ኃይል 40 ÷ 0.05 = 800 ኒውተን ይሆናል። ይህም 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንዲት ጠባብ ጠርዝ ላይ ቢቆም ከሚፈጥረው ጫና ጋር ይቀራረባል። በእግሮቹ መካከል ከታች በኩል የሚገባው አግዳሚ እንጨት ጌጥ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ጫናውን ይጋራል።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። ርጥብ እንጨት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በርዝመቱ የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በጎኑ ግን እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አቅጣጫው ከ4 እስከ 8 በመቶ ያህል ሊኮማተር ይችላል። በመጋጠሚያ ውስጥ ደግሞ የአንዱ እንጨት ርዝመት ከሌላው ጎን ጋር ይገናኛል። በየክረምቱ አብጠው በየበጋው ሲኮማተሩ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ በመካከላቸው ያለው ኮላ ይሰነጠቃል።

ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ ሚስማር መምታት ነው። ሚስማር ግን የሚይዘው በአብዛኛው በሰበቃ ኃይል ስለሆነ፣ ወንበሩ በተወዛወዘ ቁጥር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ የእንጨቱንም ጭረት ይሰነጥቃል። ተገቢው መንገድ መጋጠሚያውን መፍታት፣ የቀድሞውን ኮላ ፍቆ ማውጣት፣ አዲስ ኮላ መቀባትና እስኪደርቅ ጠፍንጎ ማሰር ነው። አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ በሚገባ አይጣበቅም።

የቀድሞ አውሮፓውያን አናጢዎች የሚጠቀሙበት ኮላ ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነበር። ይህ ኮላ የጠፍሩ የኮላጅን ዝርያ ነው፤ በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል። ስለዚህም ወንበሩ እንጨቱ ሳይሰበር ተፈትቶ እንደገና ሊገጠም ይችላል።

ሞላው አልሞተም

ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ የሞላ መለጠጥ ከሚጎትተው ኃይል ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን ይገልጻል። ባለ ሞላ ሶፋ ይህንኑ ሕግ በየዕለቱ ይፈጽማል። በ9 ሞላዎች ላይ 450 ኒውተን እኩል ቢያርፍ እያንዳንዱ 50 ኒውተን ይሸከማል፤ የሞላው ጥንካሬ በሜትር 1000 ኒውተን ቢሆን 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ሞላ ከመለጠጥ ወሰኑ እስካላለፈ ድረስ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሶፋ ሲረግብ ሞላውን ከመክሰሳችን በፊት ከሥር የተወጠረውን ሰፊ ጥብጣብና ሞላዎቹን እርስ በርስ ያያያዘውን ገመድ እንመልከት። ብዙ ጊዜ የበጠሰውና የለጠጠው እርሱ ነው፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ሞላው ራሱ ዝጎ ከሆነ ግን ይለወጥ። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ፣ ሽቦው በዝገት 10 በመቶ ቢቀጥን ጥንካሬው ሲሶ ያህል ይቀንሳል።

ስፖንጅ ስንገዛ

በዛሬዎቹ መቀመጫዎች የምናገኘው ስፖንጅ በአብዛኛው ፖሊዩሬቴን ነው። ይህን ቁስ ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 አስገኙት። ዘመን ሲያልፍበት የጥቃቅን ክፍሎቹ ግድግዳ ይሰባበራል፤ ስፖንጁም ተጨፍልቆ ይቀራል።

ገዢው በእጁ ተጭኖ ሲደነድንበት ጥሩ ነው ይላል። ይሁን እንጂ ድንዳኔና እፍጋት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፤ ለዘላቂነት የበለጠ የሚጠቅመው እፍጋት ነው። መለኪያው ቀላል ነው። በየአቅጣጫው 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በሚዛን እናስቀምጥ። 30 ግራም ከመዘነ እፍጋቱ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም ለመቀመጫ የሚበጅ ነው። ግማሽ ያህል ብቻ ከመዘነ የገዛነው ይበልጡን አየር ነው፤ ፈጥኖም ይረግባል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ፖሊዩሬቴን በፍጥነት ይቀጣጠላል፤ ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባሉ መርዛማ ጋዞችን ይይዛል። ስለዚህ ከምድጃና ከሻማ ይራቅ። በማስቲሽ ስንሠራ መስኮት እንክፈት። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ፍቀን አቧራውን አንተንፍስ።

እንግዲህ ወንበር ከመጣሉ በፊት ገልብጠነው ከእግሩ ወደ ላይ እንመርምር፦ እግር፣ መጋጠሚያ፣ ጥብጣብ ወይም ጠፍር፣ ሞላ፣ ስፖንጅ፣ በመጨረሻም ጨርቅ። ጨርቅ አስቀድሞ የሚያድስ ሰው ሕመሙን ሸፍኖ ገንዘቡን ያጠፋል። የሁክን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል የሚጽፉ ተማሪዎቻችን የተቀመጡበትን ወንበር ገልብጠው ማንበብ ቢጀምሩ፣ ትምህርታቸው ይጠነክራል፤ ለማደግ ብዙ ዓመታት የፈጀው ዛፍም ለአንድ ብጥስ ጥብጣብ ሲባል ማገዶ አይሆንም።