ድብርት ሲጫጫን ሹራብ

ድብርት የተጫጫነው ሰው ሹራብ ልሥራ ብሎ ሲነሣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጌጠ ብዙው ላይ ነው። ይተወው። ለከፋው ልብ የሚበጀው ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከቀላልም ቀላሉ ደግሞ ሻርፕ። እጅጌ የለው፣ የአንገት ቅርጽ የለው፣ ልክ አልመጣም ተብሎ የሚተረተር ነገር የለው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የሹራብ መርፌዎችና 200 ግራም ያህል መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር። ጥቁር ክር ለጀማሪ አይመከርም፤ ቀለበቶቹን ለመለየት ዓይን ያደክማል። በአንደኛው መርፌ ላይ 30 ቀለበት ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያለው እንቅስቃሴ አንድ ብቻ ነው፦ የቀኙ መርፌ በመጀመሪያው ቀለበት ከፊት ወደ ኋላ ይገባል፤ ክሩ ጫፉ ላይ ይጠመጠማል፤ የተጠመጠመው በቀለበቱ ውስጥ ተስቦ ይወጣል፤ አሮጌው ቀለበት ከግራው መርፌ ይለቀቃል። ረድፉ ሲያልቅ መርፌዎቹ እጅ ይለዋወጡና ያው ይደገማል። እንዲህ የተሠራ ሻርፕ ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው፤ ጠርዙም አይጠቀለልም። ከፍ ከፍ ብሎ የሚታየው እያንዳንዱ አግድም መስመር ሁለት ረድፍ ስለሆነ፣ የተሠራውን በጣት እየዳሰሱ መቁጠር ይቻላል። አንድ ቀለበት ቢያመልጥም ሥራው አይበላሽም፤ ዳንቴል የሚሠራበት ኪሮሽ ካለ ያመለጠውን ከሥር ለቅሞ ወደ መርፌው መመለስ ነው።

ጥቅሙ ያለው እዚሁ ድግግሞሽ ውስጥ ነው። እጅ ከለመደ በኋላ ሐሳብ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን አንዱን ጭንቀት ደጋግሞ ማመንዠክ ይከብደዋል። መቁጠሪያ የያዘ ሰው ጣቱ ሲንቀሳቀስ ልቡ እንደሚሰበሰብለት ማለት ነው። ውስብስብ ሥራ ይህን አይሰጥም፤ ስህተቱ ሲበዛ በድብርት ላይ ንዴት ይጨምራል። ደግሞም ድብርት ሰውን "ዛሬም ምንም አልሠራሁም" ያሰኘዋል። ማታ ላይ በስንዝር ሲለካ የረዘመ ሻርፕ ግን በእጅ የሚጨበጥ ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የብሪታንያ የሕክምና ሙያ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት ይበልጥ እንደሚረጋጉና ደስ እንደሚላቸው ተናግረዋል። ተጠያቂዎቹ ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ ለሁሉም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ለመሞከር ግን በቂ ምክንያት ይመስለኛል። እንግሊዛዊው የዳይቪንግ ተወዳዳሪ ቶም ዴሊ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ የተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሹራብ ሲሠራ ዓለም አይቶታል። ለወርቅ ሜዳሊያውም እንዳይጫጫር ትንሽ ከረጢት ሠርቶለታል። በዚያ ሁሉ ውጥረት ውስጥ አእምሮውን ያረጋጋለት ይኸው የክር ሥራ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ሹራብ ሕክምናን አይተካም። ድብርቱ ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣ፣ ሐኪም ማየት ግድ ነው። ቀኑ ጨፍግጎብዎት ከሆነ ግን ክሩንና መርፌውን ይያዙና ሹራብ የሚያውቁ እናት ወይም አክስት ጎን ይቀመጡ፤ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀለበቶች አብረው ይሥሯቸው። ይህ ሙያ ተነብቦ ከሚገባው ይልቅ እጅ ታይቶ ቶሎ ይገባል።