ለአሮጊቷ ድመት የራሷ በር፦ አይጥን ያለ መርዝ ለመከላከል

በዚህ ወር የጤናና የምግብ ዓምዳችን ስለ ድመት መግቢያ እንነጋገራለን። ርእሱ ቀላል ይምሰል እንጂ ከእህላችን አልፎ የልጆቻችንን ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

በደብረ ታቦር፣ በገሳይና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ገብሱም ስንዴውም በአብዛኛው የሚቀመጠው በመኖሪያ ቤት ውስጥ በጎታ ወይም በጆንያ ነው። እህል ባለበት ደግሞ አይጥ አለ። ቀደም ሲል በሣርና በጭቃ ቤት ድመት በጣሪያና በግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ወይም በእንጨት በሩ ሥር እንደ ልቧ ትገባና ትወጣ ነበር። አሁን ብዙ ሰው ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ፣ ወለሉን በሲሚንቶ አሠርቶ፣ የላሜራ በር ገጥሟል። ይህ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ ድመቷ ወይ ውጭ ትቀራለች፣ ወይ ውስጥ ትታሰራለች።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ለምታድር አሮጊት ድመት ከባድ ነው። ውስጥ ስትዘጋ ደግሞ ወለሉ ላይ ትጸዳዳለች፤ ቤተሰቡም ይማረርና ያባርራታል። እሷ ስትሄድ አይጡ ይበዛል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የአይጥ መርዝ መግዛት ነው።

መርዙ ምን ያደርጋል?

ለአይጥ ከሚሸጡት መርዞች አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጠቆር ያለ ዱቄት ነው። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚደረገው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብልም እርጥበት ሲያገኘው ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ እህል ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ፎስፊን ማርከሻ መድኃኒት የለውም።

መርዙ ከዱቄት ወይም ከዳቦ ጋር ተለውሶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ለአይጥ ብቻ የተዘጋጀ መሆኑን የሚድህ ሕፃን አያውቅም። ልጅ ከቀመሰው ወተት እያጠጣችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ ለማስመለስም አትሞክሩ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የተመረዘ አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ እንደምትችል አትርሱ።

መግቢያው እንዴት ይሠራ?

በበሩ ሥር ወይም በግድግዳው ላይ ስፋቱም ቁመቱም ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይበቃል። ለአሮጊት ድመት ዋናው ነገር ከፍታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶች የራጅ ምስል ታይቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ምልክት ተገኝቷል። ስለዚህ የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ብዙ አይራቅ። የውጩ መሬት ከወለሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ሰፊና የማይነቃነቅ ድንጋይ እንደ ደረጃ አስቀምጡላት። ላሜራ ከሆነ በያጁ ስለታሙን ጠርዝ ይጠፍልላችሁ።

ብርድና አይጥ እንዳይገባ ቀዳዳው ከላይ የተንጠለጠለ ክዳን ያስፈልገዋል። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ከላይ ብቻ ቢመታ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይወዛወዛል። ከባድ ቆርቆሮ ግን አይሆንም፤ ጀርባዋን ይመታታል፣ ድምፁም ያስደነግጣታል። ቀዳዳው የጎረቤት ውሻ ከሚታሰርበት አቅጣጫ ራቅ ይበል።

እንዴት እናለማምዳት?

አንደኛ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ክዳኑን በሲባጎ ወደ ላይ አስራችሁ ቀዳዳውን ክፍት ተዉላት። የምትተኛበትን ጨርቅ በጠርዙ ላይ እሹበት፤ የራሷን ሽታ ስታገኝ ፍርሃቷ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ከእራቷ በፊት ርቧት ሳለ አንድ ሰው ከውጭ ይያዛት፤ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ጥቂት ሥጋ እያሳየ በለመደችው አጠራር ይጥራት። ከውጭ ወደ ውስጥ መጀመር ይሻላል፤ ወደ ሙቀትና ወደ ምግብ መግባት ትፈልጋለችና።

ሦስተኛ፣ ያለ ፍርሃት ማለፍ ስትጀምር በክዳኑ ፋንታ ስስ ጨርቅ አንጠልጥሉ። በግንባሯ መግፋት ስትለምድ ላስቲኩን በግማሽ፣ ቀጥሎም ሙሉ በሙሉ አውርዱት።

አራተኛ፣ በጭራሽ ገፍታችሁ አታሳልፏት። አንድ ጊዜ ተገፍታ ያመማት ድመት ቀዳዳውን ለብዙ ቀን ልትሸሸው ትችላለች። ከፈራች ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለሱ። አንዷ በሳምንት ትለምዳለች፣ ሌላዋ ወር ይፈጅባታል።

ልምምዱ ቀን ቀን ይሁን፤ በየዕለቱም ከጥቂት ደቂቃ አይብለጥ። ስታልፍ የምታነክስ ወይም የምትጮህ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይያት። የእኛን የሕመም ማስታገሻ ግን አትስጧት! የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ምግቧና ንጽሕናዋ

የተራበች ድመት የተሻለ አይጥ ትይዛለች የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ የጠገበችም ታድናለች። እንጀራ ብቻ አይበቃትም፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚገኘው ከሥጋ ነው። የወጥ ትራፊ ስትሰጧት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት አይሁን፤ የቀይ ደም ሕዋሷን ይጎዳልና። ወተትም ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ ንጹሕ ውሃ ይሻላቸዋል።

በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ለፅንስ አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር እኅቶች ዓይነ ምድሯን አይንኩ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው። ጥገኛ ተሕዋሱ ለመበከል ከአንድ ቀን በላይ ስለሚፈልግ በየቀኑ መጥረግ ብዙ ይከላከላል። ጥሬ ሥጋም ይህንኑ በሽታ ያስተላልፋል። ድመት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ለእሷም ክትባቱን አስወጉላት።

ድመት ብቻዋን አይጥን ሙሉ በሙሉ አታጠፋም። ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጉ፣ ከግድግዳ አርቁ፣ ሌሎች ቀዳዳዎችን ድፈኑ፣ ወጥመድም ተጠቀሙ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ግን መርዝን ከቤት ያስወጣሉ።

ከአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲሥ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በየቤታችን ከሚመላለሱት አንዷ እንደሆነች እናውቃለን። ሳታበላትም ሳትለቃትም ድመትን አስራ የገደለችው ሴት ምን እንደገጠማትም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለዓመታት እህላችንን የጠበቀችን እንስሳ በእርጅናዋ የምትመላለስበት መግቢያ ማዘጋጀት ለእሷም እፎይታ፣ ለልጆቻችንም ጥበቃ ነው። ወላሁ አዕለም።