ከአረንጓዴው ብርሃን ጋር የሚመጣው የማይታይ ጨረር

ለልደት፣ ለገና ወይም ለልጆች መኝታ ቤት የሚገዙት ትንሿ የሌዘር መብራት ሶኬት ላይ ስትሰካ ጣሪያው በአረንጓዴ ነጠብጣቦች ይሞላል። ልጆች ይቦርቃሉ፤ እርስዎም ደስ ይልዎታል። ይሁን እንጂ ከዕቃው የሚወጣው ዓይንዎ የሚያየው ብርሃን ብቻ ላይሆን ይችላል።

አረንጓዴው ከየት ይመጣል?

በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ውስጥ አረንጓዴው ብርሃን የሚገኘው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ አንድ ዳዮድ 808 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኢንፍራሬድ ጨረር ያመነጫል። ይህን ጨረር የሚቀበል ክሪስታል 1064 ናኖሜትር ያለው ሌላ ኢንፍራሬድ ያወጣል። ሁለቱም ለዓይን አይታዩም። በመጨረሻ ሁለተኛ ክሪስታል የሞገዱን ርዝመት በግማሽ አሳጥሮ ወደ 532 ናኖሜትር፣ ማለትም ወደ አረንጓዴ ይለውጠዋል።

ሁሉም ኢንፍራሬድ ግን አይለወጥም። በደንብ በተሠራ ዕቃ ትርፉን አንዲት ትንሽ ማጣሪያ ታስቀረዋለች። ማጣሪያዋ ከሌለች ትርፉ ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች 10 ሚሊዋት ተብለው የተሸጡ አረንጓዴ የእጅ ሌዘሮችን ለክተው ነበር። አንደኛው አረንጓዴው ደብዛዛ ሲሆን ወደ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ ኢንፍራሬድ ይለቅ ነበር። ተቋሙ በ2013 ይፋ ባደረገው የ122 የእጅ ሌዘሮች ምርመራ ደግሞ ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ ያህሉ የአገሪቱን የደህንነት መስፈርት አላሟሉም።

ዓይን ለምን አይከላከልም?

ደማቅ ብርሃን ሲያርፍብን በሩብ ሰከንድ ገደማ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ኢንፍራሬድ ስለማይታይ ይህ መከላከያ አይሠራም። ጨረሩ ዓይን ውስጥ አልፎ ሬቲና ላይ ያርፋል፤ ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። የተቃጠለው ክፍልም ተመልሶ አያድግም።

በፕሮጀክተር ላይ ብርሃኑ ወደ ብዙ ነጠብጣቦች ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ነጠብጣብ ደካማ ነው። ዋናው አደጋ ያለው ልጅ ተጠግቶ የጨረሩን መውጫ ቀዳዳ ሲመለከት፣ ወይም ብርሃኑን የሚበትነው የፊት ክፍል ሲሰበርና ሲወልቅ ነው።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

• ከመግዛትዎ በፊት መለያውን ያንብቡ። የሌዘር ደረጃው፣ ኃይሉና የሞገድ ርዝመቱ ያልተጻፈበትን ይተዉት። ለቤት ደረጃ 1 ይመረጣል፤ 3አር፣ 3ቢ ወይም 4 የሚል ከሆነ ልጆች ካሉበት ቤት አያስገቡት።

• ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ያስቀምጡት። ጨረሩን ወደ ጣሪያ ያዙሩት፤ ከመስታወትና ከሚያንጸባርቅ ነገር ያርቁት።

• አረንጓዴው ስለደበዘዘ ደህና ነው አይበሉ። በብርድ ጊዜ ክሪስታሎቹ በሚገባ ሳይሠሩ ሲቀሩ አረንጓዴው ይቀንሳል፤ ኢንፍራሬዱ ግን ሊቀጥል ይችላል።

• የፀሐይ መነጽር መከላከያ አይደለም። በስልክ ካሜራ ማየትም አስተማማኝ ምርመራ አይሆንም፤ ብዙ ካሜራዎች ራሳቸው ኢንፍራሬድ ያጣራሉ።

• የተሰነጠቀ ወይም የተፈታ ዕቃ ለልጅ መጫወቻ አይስጡ፤ ያስወግዱት።

• ልጅዎ «መሀል ላይ ጥቁር ነገር ይታየኛል» ወይም «መስመሩ ይጣመምብኛል» ካለ፣ አንድ ዓይኑን አስጨፍነው በሌላው፣ ቀጥሎም በተራው እንዲያይ ያድርጉ። ባያመውም እንኳ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱት፤ ሌዘር እንደነበረም ይንገሩ።

ጣሪያው በከዋክብት እንዲያሸበርቅ የሚፈልጉ ከሆነ ሌዘር የሌላቸው፣ በኤልኢዲ ብቻ የሚሠሩ የከዋክብት መብራቶችም አሉ። ሻጩን «ሌዘር አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ።