መርዝም ጥሪም ከአንድ ሥር

በእርጥብ ወረቀት ላይ የበቀለ የማሽላ ዘር በማጉያ መነፅር ሲታይ፣ ፀጉር በሚያካክሉት ሥሮቹ ጫፍ ላይ ቢጫ የቅባት ጠብታዎች ተንጠልጥለው ይገኛሉ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ጠብታዎች እ.ኤ.አ. በ1986 በጥናት አቀረቡ። ዋነኛው ንጥረ ነገር ሶርጎሌዮን ይባላል፤ ለማሽላው ጎረቤቶች መርዝ ነው።

ሶርጎሌዮን የሚበረታው ገና ብቅ ባሉ ጥቃቅን የአረም ቡቃያዎች ላይ ነው። ከፀሐይ ብርሃን የተገኘው ኃይል ቅጠሉ ውስጥ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል የሚተላለፍበትን መስመር ይዘጋል። አትራዚን የተባለው የፋብሪካ ፀረ አረምም የሚመታው ይህንኑ መስመር ነው። ማሽላ ግን የራሱን ፀረ አረም ኬሚስት ሳያስፈልገው ያመርታል።

ዕፅዋት በኬሚካል አንዱ ሌላውን የሚጫኑበት ይህ ክስተት አሌሎፓቲ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው ኦስትሪያዊው ሃንስ ሞሊሽ ነው።

ዛፍ ሥር ሣር በጠፋ ቁጥር መርዝን መክሰስ ግን ያሳስታል። ባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ራቁቱን የሚቀረው ከቅጠሉ በሚወጡ ዘይቶች ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ውሃውን መምጠጡም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ በሳልቪያ ቁጥቋጦዎች ዙሪያ የሚታየው ባዶ መሬት ከቅጠላቸው በሚተነው ኬሚካል የመጣ ነው ተብሎ ብዙ ተወራ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሌላ ተመራማሪ ባዶውን መሬት በሽቦ አጠረው። ሣሩ በቀለ! ለካስ ቁጥቋጦው ውስጥ ተደብቀው ቡቃያውን የሚግጡት እንስሳት ኖረዋል።

ወደ ማሽላ እንመለስ፤ ታሪኩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው። አረምን የሚመርዘው ሥር አቀንጭራን ይቀሰቅሳል። የወሎና የትግራይ ገበሬ በደንብ የሚያውቀው ይህ ጥገኛ አረም ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስንቁ ትንሽ በመሆኑ አስተናጋጅ ሥር ሳያገኝ ቢበቅል በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቅለታል። ስለዚህ ከሥር የሚለቀቀውን ስትራይጎላክቶን የተባለ ኬሚካል እስኪያሸት ይጠብቃል።

ማሽላስ ይህን ኬሚካል ለምን ይለቃል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጃፓን መጣ፦ ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን የአፈር ፈንገሶች ለመጥራት ነው። ለደቦ የተላከውን ጥሪ ሌባ ሰማው ማለት ነው።

ጥሪውን ያዳከመው የምርምር ቡድን መሪ በምዕራብ ሸዋ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። ፐርዱ ውስጥ፣ ቢጫውን ጠብታ ካጠኑት አንዱ ከሆነው ከላሪ በትለር ጋር ሠርተው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ተለቀዋል። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚህ ተቋቋሚነት ጀርባ ያለው ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታወቅ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ፦ ተቋቋሚው ማሽላ መጥራቱን አላቆመም፤ የሚለቀው የስትራይጎላክቶን ዓይነት ተለወጠ፣ አቀንጭራም ለአዲሱ ብዙም አልነቃ አለ።

በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደግሞ መርዙንም ጥሪውንም አንድ ላይ የያዘ ተክል ተገኘ። ዴስሞዲየም የተባለው የከብት መኖ በመጀመሪያ በበቆሎ መካከል የተዘራው አገዳ ቆርቁርን እንዲያባርር ነበር። ተመራማሪዎቹ ማሳው ውስጥ አቀንጭራ መመናመኑን ሲያዩ ሥሩን መረመሩ። ከሥሩ የሚወጡት አንዳንዶቹ ኬሚካሎች የአቀንጭራን ዘር ያበቅላሉ፤ ሌሎቹ የበቀለው ሥር ወደ በቆሎው እንዳይደርስ እድገቱን ይገታሉ። በየወቅቱ አፈር ውስጥ የተከማቸው የአቀንጭራ ዘር እየቀነሰ ይሄዳል፣ ገበሬውም ዴስሞዲየሙን አጭዶ ለላሞቹ ይሰጣል።