ሹመት የሚጓጓለት ማን ነው?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማን ያደግን ነን። ሙስና ሲነሳም ወንበሩ ሰውን አበላሸው እንላለን። ሬማ ሃና እና ሺንግ-ዪ ዋንግ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ግን ጥያቄውን ወደ ኋላ ወሰዱት፤ ወደ ወንበሩ የሚጓጓው ቀድሞውኑ ምን ዓይነት ሰው ነው?

በ2017 እ.ኤ.አ. በመጽሔት የታተመው ጥናታቸው የተደረገው በሕንድ፣ ባንጋሎር ነው። የኮሌጅ ተማሪዎች ዳይስ 42 ጊዜ እየጣሉ የወጣላቸውን ቁጥር ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ክፍያቸውም ይበዛል። (ዳይስ በዲናችን ያለው ብይን የታወቀ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ መለኪያነቱ ብቻ ነው።) ውሸቱን ቆሞ የሚያይ የለም። ሆኖም በሐቅ ከተመዘገበ ድምሩ 147 አካባቢ መሆን ስላለበት፣ ከዚያ እጅግ የራቀ ቁጥር ያሳብቃል። ከተማሪዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት፣ በሐቅ ቢሆን ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ የሚያገኘውን ዓይነት ድምር አስመዘገቡ። ያጭበረበሩት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ የመንግሥት ሥራ የሚመኙ ሆነው ተገኙ። የመንግሥት ነርሶችም በዚሁ መንገድ ተፈትነዋል፤ አብዝተው ያጋነኑት ከሥራ ገበታቸው የሚቀሩት ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት በችሎታ ብቻ መምረጥ ይህን አያጣራም።

ለእኛ ይህ ፍጹም አዲስ አይደለም። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲሥ፣ ሁለት ሰዎች ሹመት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሚጠይቀውና ለሚጓጓለት ሰው ሹመት እንደማይሰጡ ተናግረዋል። ኢብኑል ሉትቢያ ዘካ ሰብስቦ ሲመለስ «ይህ የእናንተ፣ ይህ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» ባለ ጊዜም፣ እናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆን ነበር የጠየቁት። አንድ ሥራ የሚያስጎመጀን በደመወዙ ነው ወይስ ከደመወዙ ውጭ በሚመጣው? ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኘንም።

ነገሩ ግን የትም አንድ ዓይነት አይደለም። ሙስና እምብዛም በሌለባት ዴንማርክ ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ውጤቱ ተገለበጠ፤ የመንግሥት ሥራ የሚመርጡት ይበልጥ ሐቀኞቹ ተማሪዎች ሆኑ። ስለዚህ ልጆቻችንን «እዚያ ሐራም ይበላል፣ አትግቡ» ብለን ስንከለክል፣ ቦታውን ማን እንደሚይዘው ማሰብ ይኖርብናል። አማናው ከባድ መሆኑ እርግጥ ነው። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ግን የግብፅን ግምጃ ቤት ኃላፊነት ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ያቀረቡት ምክንያትም ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ነው። ከፊት የሚመጡትን የድርቅ ዓመታት ያውቁ ነበር።