ያለ ጭቃ የቆመ ካብ

ጣሊያን አገር፣ ከላ ስፔዚያ ከተማ ተነስቶ በባሕር ዳር በመኪና የሚጓዝ ሰው አይቸኩልም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ይጠማዘዛል። በስተቀኝ ተራራ፣ በስተግራ ገደል፣ ከገደሉ በታች ባሕር።

ቀስ ብሎ የሄደ ሰው ግን ያያል። ተራራው ሁሉ እርከን በእርከን ነው። አገሩ ቺንኩዌ ቴሬ ይባላል፤ አምስቱ ምድር ማለት ነው። አምስት መንደሮች አሉት። መጀመሪያ ሪዮማጆሬ፣ ቀጥሎ ማናሮላ ይገኛል። እንግዳ መኪናውን ከመንደሩ በላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

የእርከኑ ካብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው። ታዲያ እንዴት ቆመ? የዝናቡ ውሃ በድንጋዮቹ መሃል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ካቡን አይገፋውም። አፈሩ ግን ይቀራል። የኮንሶ ገበሬ ቢያየው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል።

እርከኑ ላይ የሚተከለው ወይን ነው። ቦታው ቀጥ ያለ ስለሆነ በሬ አይጠመድበትም። ፍሬውን ሰው በጫንቃው ያወጣና ያወርድ ነበር። ዛሬ በአንድ ሐዲድ የምትሄድ ትንሽ ጋሪ ታግዛለች።

ካብ ሰው ይፈልጋል። አንድ ድንጋይ ወድቆ ካልተመለሰ ሌላው ይከተላል። ወጣቶቹ ለሥራ ወደ ከተማ ሄዱ፤ ብዙው እርከን ጦም አደረ። ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ብርቱ ዝናብ ጣለ። ናዳ ወረደ። ቬርናጻና ሞንቴሮሶ የሚባሉት መንደሮች በጭቃና በድንጋይ ተሞሉ። ሰውም ሞተ።

መንደሮቹ እንደገና ተጠርገው ተሠርተዋል። እንግዳ ይጎርፋል፤ የሚበዛው ባሕሩን አይቶ ይመለሳል። ከመንደሩ በላይ፣ እርከኑ ላይ፣ የወደቀውን ድንጋይ መልሰው የሚክቡ ሰዎች አሉ።